ሁለተኛው ጆን ሮክፌለርና የጃክሰን ሆል መሬት

ሁለተኛው ጆን ሮክፌለር በ1874 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በክሊቭላንድ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በነዳጅ ዘይት ንግድ ዓለምን ያስደነቀ ሀብት ያከማቹ ሲሆን፣ ልጅየው አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ያንኑ ሀብት ለበጎ አድራጎት በማዋል ነበር። ከሥራዎቻቸው ሁሉ መሬት ለሚለካና መንገድ ለሚቀይስ ባለሙያ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን በዋዮሚንግ ክፍለ ሀገር የፈጸሙት የመሬት ግዢ ነው።

በ1926 የየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ኃላፊ የነበሩት ሆራስ ኦልብራይት ሮክፌለርን ጃክሰን ሆል ወደተባለው ሸለቆ ወስደው አስጐበኟቸው። ኤልክ የሚባሉት ታላላቅ አጋዘኖች ሞቃቱን ወራት በደጋው ከርመው፣ በረዶ ሲጥል ይህንኑ ሸለቆ አቋርጠው በ1912 ወደተከለለላቸው የብርድ ወራት መጠለያ ይወርዳሉ። በ1929 የግራንድ ቴተን ፓርክ ሲቋቋምም ያቀፈው ተራሮቹንና በግርጌያቸው ያሉትን ሐይቆች ብቻ ስለነበረ፣ የአውሬው መተላለፊያ የሆነው ለጥ ያለ መሬት ከክልሉ ውጭ ቀረ።

ሮክፌለር በ1927 የስኔክ ወንዝ መሬት ኩባንያ የተባለ ድርጅት አቋቁመው ከከብት አርቢዎችና ከገበሬዎች መግዛት ጀመሩ። ስማቸው ከታወቀ ዋጋው እንደሚንር ስለተገመተ፣ የገንዘቡ ባለቤትም የግዢው ዓላማም ተሰወረ። በጠቅላላው 1.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶ 35,000 ኤከር፣ ማለትም 14,000 ሄክታር ያህል ተገዛ። ምስጢሩ በ1930 ሲገለጽ ሸለቆው በቁጣ ተነሣ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት መርማሪዎች በ1933 እሥፍራው ድረስ ሄደው አቤቱታውን ቢሰሙም፣ ለክሱ በቂ መሠረት አላገኙም። ይሁን እንጂ ሻጩ ለማንና ለምን እንደሚሸጥ ሳያውቅ የፈረመው ውል፣ ዋጋው የቱንም ያህል ደኅና ቢሆን፣ ቅሬታ ማትረፉ አይቀርም። የአካባቢው አስተዳደርም መሬቱ ወደ መንግሥት ሲዛወር ግብር ይቀርብኛል ብሎ መሥጋቱ ከንቱ ሥጋት አልነበረም።

መንግሥት ስጦታውን ሳይረከብ ከአሥር ዓመት በላይ ዘገየ። ሮክፌለር ግብሩን እየከፈሉ ከቆዩ በኋላ፣ በ1942 መጨረሻ ግድም መሬቱን ለሌላ እንደሚሸጡ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሃሮልድ ኢክስ አስታወቁ። ወዲያው በማርች 1943 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት 221,000 ኤከር ብሔራዊ ቅርስ ነው ብለው አወጁ። አርቢዎቹ ከብቶቻቸውን በክልሉ ውስጥ እየነዱ ተቃወሙ፤ ኮንግረስም በ1944 አዋጁን የሚሽር ሕግ አወጣ፤ ፕሬዚዳንቱ ሳይፈርሙበት ስለቀሩ ግን ሕጉ ወደቀ።

ሮክፌለር መሬቱን በ1949 አስረከቡ። በ1950 የወጣው ሕግ ሸለቆውን ከፓርኩ ጋር ሲያዋሕድ፣ አስተዳደሩ ለቀረበት ግብር ለተወሰኑ ዓመታት እንዲካስ፣ ነባሩ የግጦሽ መብት እንዲጠበቅ፣ የአጋዘኑም ቁጥር በፈቃድ አደን እንዲመጠን ደነገገ። ከዚያ ወዲህ በዋዮሚንግ ፕሬዚዳንቱ በአዋጅ ብቻ እንዲህ ያለ መሬት እንዳይከልል ታገደ።

ሮክፌለር በ1960 ዐረፉ። በ1972 ግራንድ ቴተንን ከየሎውስቶን የሚያገናኘው 24,000 ኤከር ያህል መሬት በስማቸው ተሰየመ።