የምግብን ጉልበት የለኩ ሰው፤ የፕሮፌሰር ዊልበር አትዋተር ሕይወትና ሥራ

በሙያችን ከምንገለገልባቸው ቁጥሮች አብዛኞቹ ባለቤታቸው የተረሳ ነው። የብረትን ጥንካሬ፣ የአፈርን የመሸከም ዐቅም፣ የውሃን የሙቀት መጠን ከሰንጠረዥ አንሥተን እናሰላለን እንጂ፣ መጀመሪያ የለካው ማን እንደ ሆነና በምን መሣሪያ እንደ ለካው የምንጠይቀው ከስንት አንዴ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሰዎች የበሉትን መዝግበው ያገኙትን ጉልበት የሚያሰሉበት የእጅ ስልክ ፕሮግራም ሲሠራ፣ ሦስት ቁጥሮችን ያስገባው በዚሁ ልማድ ነበር። አንድ ግራም ፕሮቲን 4 ኪሎ ካሎሪ፣ አንድ ግራም ቅባት 9፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ይሰጣል የሚለውን ማለት ነው። አንድ የሥነ ምግብ ባለሙያ የቁጥሮቹን ምንጭ በመግለጫው ላይ እንዲጽፍ በጠየቁት ጊዜ ግን የሚጽፈው አጣ። ይህ የሕይወት ታሪክ ከዚያ እፍረት የተነሣ የተደረገ ፍለጋ ውጤት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዊልበር ኦሊን አትዋተር በ1844 በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ ጆንስበርግ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበሩ፤ ይህም ኋላ ለገጠማቸው ፈተና የራሱ ትርጉም አለው። በ1865 በኮኔቲከት ክፍለ ግዛት፣ በሚድልታውን ከተማ ከሚገኘው ከዌስልያን ዩኒቨርስቲ ተመረቁ። ቀጥሎም በዬል ዩኒቨርስቲ በሳሙኤል ጆንሰን ሥር የእርሻ ኬሚስትሪን አጥንተው፣ በበቆሎ ይዘት ላይ ባቀረቡት ምርምር በ1869 የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ። ለዚህ ሥራ የተጠቀሙበት ጀርመኖች በዚያው ዘመን ያዳበሩትን የትንተና ዘዴ ነበር፤ ይኸውም የምግቡን ወይም የመኖውን ውሃ፣ አመድ፣ ቅባትና ናይትሮጅን እየለዩ መመዘን ነው። ከዚያም ወደ ላይፕዚግና ወደ በርሊን ተሻግረው ትምህርታቸውን አስፋፉ።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1873 የዌስልያን የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆኑ። የዚያ ዘመን ገበሬ ከባድ ችግር ነበረበት። ማዳበሪያ ተብሎ በጆንያ የሚሸጥለት ነገር ፍሬ ያለው ይሁን ገለባ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። አትዋተርና መምህራቸው ጆንሰን ለብዙ ጊዜ ሲወተውቱ ቆይተው፣ በ1875 በአሜሪካ የመጀመሪያው በመንግሥት የሚደገፍ የእርሻ ምርምር ጣቢያ በዌስልያን ቤተ ሙከራ ተከፈተ። ጣቢያው ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ኒው ሄቨን ተዛወረ፤ ሐሳቡ ግን በየክፍለ ግዛቱ ተስፋፋ። በ1887 በወጣው ሕግ መሠረት ጣቢያዎች በመላ አገሪቱ ሲቋቋሙ፣ እነርሱን የሚያስተባብረው የዋሽንግተን ጽሕፈት ቤት የመጀመሪያ ዲሬክተር ሆነው በ1888 የተሾሙት አትዋተር ነበሩ።

በዚህ ሥልጣን ላይ የቆዩት እስከ 1891 ብቻ ቢሆንም፣ በዚያ አጭር ጊዜ የጀመሩት አንድ ሥራ ልብ ሊባል ይገባዋል። በየጣቢያው የሚደረገው ምርምር ተበታትኖ እንዳይቀር፣ የእያንዳንዱን ጥናት ፍሬ ነገር ከአዘጋጁ ስምና ከታተመበት ስፍራ ጋር አሳጥሮ የሚያቀርብ መጽሔት ከ1889 ጀምሮ እንዲወጣ አደረጉ። አንድ ተመራማሪ ሌላው የደረሰበትን ሳያውቅ ሥራውን ከባዶ እንዳይጀምር፣ ያየውንም ሲጠቅስ ባለቤቱን እንዳይዘነጋ የታሰበ ነበር። ለቁጥር ምንጭ ያላቸውን ጥንቃቄ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ስማቸውን ያስጠራው ዋና ሥራ ግን መነሻው ጀርመን ነው። በ1882 እና በ1883 በሙኒክ በካርል ፎይት ቤተ ሙከራ በቆዩበት ወቅት፣ ማክስ ሩብነር የተባለው ወጣት ሳይንቲስት የእንስሳትን ሙቀትና የበሉትን ምግብ ሲያነጻጽር ተመለከቱ። ጉልበት ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው ይለወጣል እንጂ አይፈጠርም አይጠፋምም የሚለው ሕግ ለእንፋሎት ሞተር እንደሚሠራ የታወቀ ነበር። ሕያው ሰው ለዚሁ ሕግ ይገዛ እንደ ሆነ ግን ሰውየውን ራሱን ለክቶ ያረጋገጠ አልነበረም። አትዋተር ይህን ጥያቄ ይዘው ተመለሱ።

መልሱን ለማግኘት የሠሩት መሣሪያ ማንኛውንም መሐንዲስ የሚያስደንቅ ነው። ከ1892 ጀምሮ፣ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ከነበሩት ከኤድዋርድ ሮዛ ጋር በዌስልያን ምድር ቤት፣ ሁለት ሜትር ያህል ርዝመትና ከአንድ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ስፋት ያላት ክፍል አቆሙ። ውስጠኛው ግድግዳዋ መዳብ፣ ቀጣዩ ዚንክ ነበር። በሁለቱ መካከል የሙቀት ልዩነት ሲፈጠር የሚያመለክቱ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ተተከሉ፤ ልዩነቱ በታየ ቁጥር የውጩን ግድግዳ በማሞቅ ወይም በማቀዝቀዝ ሁለቱን እኩል ያደርጓቸዋል። ስለዚህ ሙቀት በግድግዳው አልፎ አይሸሽም። ሰውየው የሚያወጣው ሙቀት በሙሉ በክፍሏ ውስጥ በቧንቧ በሚዞር ቀዝቃዛ ውሃ ይወሰዳል። የውሃው መጠን ሲገባና ሲወጣ ባለው የሙቀት ልዩነት ሲባዛ፣ በትንፋሽና በላብ የወጣው እንፋሎት የያዘው ሙቀትም ሲጨመርበት፣ የሰውየው ሙቀት ይታወቃል። መሣሪያው በትክክል መለካቱን ለማረጋገጥ ደግሞ፣ ሰው ከመግባቱ በፊት በክፍሏ ውስጥ መጠኑ የታወቀ አልኮል አነደዱ፤ በኤሌክትሪክም አሞቁ።

በዚህች ክፍል ውስጥ ፈቃደኛ ሰዎች ለተከታታይ ቀናት፣ አንዳንዴም እስከ 12 ቀን ድረስ ይኖሩ ነበር። የሚታጠፍ አልጋ፣ ወንበር፣ ጠረጴዛና ስልክ ነበራቸው። ምግባቸው ተመዝኖና ተተንትኖ ሁለት መዝጊያ ባላት ቀዳዳ ይገባል፤ ከሰውነታቸው የሚወጣውም ሁሉ በዚያው ወጥቶ ይመዘናል። አንዳንዱ ዐርፎ ይቀመጣል፤ ሌላው ከቦታዋ የማትንቀሳቀስ ብስክሌት ይነዳል። የብዙ ቀናቱ ሂሳብ ሲዘጋ፣ በምግብ የገባው ጉልበትና በሙቀትና በሥራ የወጣው ጉልበት በአማካይ ከአንድ በመቶ ባነሰ ልዩነት ተስማማ። የጉልበት ሕግ በሰው ላይም መጽናቱ በዚህ ታወቀ።

ሦስቱ ቁጥሮችም የተገኙት ከዚሁ የምርምር ተግባር ነው። ቅባት በመሣሪያ ውስጥ ሲቃጠል በግራም 9.4 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ አንጀት የሚቀበለው 95 በመቶውን ነው፤ ስለዚህ 8.9 ይሆናል። ካርቦሃይድሬት 4.1 ገደማ ሲሰጥ 97 በመቶው ይፈጫል፤ 4 ይሆናል። ፕሮቲን 5.65 ይሰጣል፤ ነገር ግን ናይትሮጅኑ በሽንት ሲወጣ 1.25 ያህል ይዞ ይሄዳል፤ ከቀረውም የሚፈጨው 92 በመቶው ብቻ ስለ ሆነ እንደ ገና 4 ገደማ ይመጣል። እንግዲህ እነዚህ ቁጥሮች የተፈጥሮ ቋሚዎች አይደሉም። በዚያ ዘመን አሜሪካዊ በሚበላው ቅይጥ ምግብ ላይ የተወሰዱ አማካዮች ናቸው፤ አትዋተርም ያቀረቧቸው እንዲሁ ብለው ነው።

ከቻርልስ ውድስ ጋር በ1896 ያሳተሙት የአሜሪካ ምግቦች ሰንጠረዥም በዚሁ ጥንቃቄ የተሠራ ነበር። 2,600 ያህል ትንተናዎችን የያዘ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ምግብ ስንት ናሙና እንደ ተመረመረ፣ ትንሹ፣ ትልቁና አማካዩ ስንት እንደ ሆነ ለይቶ ያሳያል። አንባቢው አንድን ቁጥር ምን ያህል ሊያምነው እንደሚገባ ከሰንጠረዡ ራሱ ይረዳል ማለት ነው።

የአትዋተርን ጽናት የፈተነው ግን የአልኮል ጉዳይ ነበር። በዘመኑ የመጠጥ ተቃዋሚዎች ማኅበራት፣ አልኮል በማንኛውም መጠን መርዝ ብቻ ነው የሚል ትምህርት በየትምህርት ቤቱ እንዲሰጥ አድርገው ነበር። አትዋተር በክፍሏ ውስጥ ላሉት ሰዎች በቀን 72 ግራም ያህል አልኮል በጥቂት በጥቂቱ እየሰጡ ሲለኩ፣ 98 በመቶ ያህሉ በሰውነት ውስጥ ተቃጥሎ በግራም 7 ኪሎ ካሎሪ ያህል እንደሚሰጥ አገኙ። ይህን በ1899 ይፋ ባደረጉ ጊዜ፣ ያደጉበት ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሳይቀሩ ተነሡባቸው። በሌላ ወገን የመጠጥ ነጋዴዎች ስማቸውንና ቁጥራቸውን ለማስታወቂያ አዋሉት። አትዋተር መጠጥ ይስፋፋ ብለው አያውቁም፤ ስካርን መዋጋት በጎ ነው፣ ነገር ግን በጎ ዓላማ በሐሰት ትምህርት መደገፍ የለበትም የሚል አቋም ነበራቸው። አንደኛው ወገን ቁጥሩን ካደ፣ ሌላኛው ከነባሩ ሁኔታ ነጥሎ ጠቀሰው። እርሳቸው ግን ለወዳጆቻቸው ሲሉ ቁጥሩን አልለወጡም።

ይሁንና ስሕተት አልነበረባቸውም ማለት አይቻልም። ለድኻ ሠራተኞች ያስቡ ስለ ነበር፣ በ25 ሳንቲም ከየትኛው ምግብ ብዙ ጉልበትና ፕሮቲን እንደሚገኝ እያሰሉ ይመክሩ ነበር። በዚህ ሚዛን ዱቄትና ባቄላ ሲመሰገኑ፣ ቅጠላ ቅጠልና ፍራፍሬ ውሃን በውድ ዋጋ እንደ መግዛት ተቆጠሩ። ካዚሚር ፉንክ ቫይታሚን የሚለውን ስም ያወጣው በ1912 ነውና፣ መሣሪያቸው ሊለካው የማይችለው ነገር በሂሳባቸው ውስጥ አልገባም። ለሠራተኛ በቀን 125 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል ያሉትም ከመጠን በላይ እንደ ነበረ ሌሎች ሳይንቲስቶች ወዲያው አመልክተዋል። መለኪያው ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ያልተለካውን እንደሌለ መቁጠር ምክሩን አጎደለው።

አትዋተር በ1904 በአንጎል ደም መፍሰስ ታመው ሥራቸውን ለማቆም ተገደዱ፤ መስከረም 22 ቀን 1907 በሚድልታውን ዐረፉ። ምርምሩን ረዳታቸው የነበሩት ፍራንሲስ ቤኔዲክት ቀጠሉት፤ ልጃቸው ሔለንም በቤት አያያዝ ሳይንስ መጽሔት አዘጋጅነት የታወቁ ሆኑ።

ቁጥሮቹ ግን ከባለቤታቸው ተለይተው ጉዞአቸውን ቀጠሉ። ዛሬ በዓለም ላይ በምግብ መያዣዎች ጀርባና በእጅ ስልኮች ውስጥ 4፣ 9 እና 4 ሲሠሩ ይውላሉ፤ የመለኪያው ሁኔታ ግን አብሯቸው የለም። የዚህን ጉዳት የሚያሳይ ምሳሌ አለ። በ2012 የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች 28 ግራም ለውዝ መሰል የአልሞንድ ፍሬ ለሰዎች አብልተው ሲለኩ ያገኙት 129 ኪሎ ካሎሪ ነበር፤ በአትዋተር ቁጥሮች ሲሰላ ግን ወደ 170 ይጠጋል። ምክንያቱም ጠንካራው የፍሬው ሕዋስ ቅባቱን ከአንጀት ስለሚሸሽገው ነው። ቁጥሩ ሐሰት ሆኖ ሳይሆን፣ አማካይ መሆኑ ስለ ተረሳ ነው።

ለእኛም ጉዳዩ ቅርብ ነው። በ1968 አግረንና ጊብሰን ለኢትዮጵያ ያዘጋጁት የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ የአገራችንን ምግቦች በራሳቸው ናሙና ለማወቅ የተደረገ ጥረት ነበር። እንጀራ ከቤት ቤት የውሃው መጠን ይለያያል፤ በመቶ ግራም ውስጥ ያለው ጉልበትም አብሮ ይለዋወጣል። ይህን ሳይገልጽ ለእንጀራ አንድ ቁጥር ብቻ የሚሰጥ ፕሮግራም፣ ስኳሩን ለመቆጣጠር የሚመገበውን የሚቆጥር በሽተኛ ሊያሳስት ይችላል።

በመግቢያው የተጠቀሰው ፕሮግራም ዛሬ ታርሟል። በእያንዳንዱ ምግብ ሥር የናሙናው ምንጭ፣ የውሃው መጠንና ትንሹና ትልቁ ልክ ተጽፎአል፤ ከመጨረሻው ገጽ ላይም የዊልበር አትዋተር ስም አለ። አዲስ ነገር አልተጨመረበትም፤ እርሳቸው በ1896 በሰንጠረዣቸው ያደረጉትን፣ እኛ ጥለነው የነበረውን መመለስ ብቻ ነው።