ከባከነ ጭስ ጉልበት ያወጣው መሐንዲስ፦ አልፍሬድ ቡኺ

እንጅባራ፦ ከዳንግላ ተነስቶ አዲስ ቅዳምን በማለፍ ወደ እንጅባራ ሽቅብ የሚወጣ የጭነት መኪና ከተሸከመው ድንች ወይም ከሰል ሌላ የማይታይ ፈተና አለበት፤ አየሩ ስስ ነው። ዳንግላ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 100 ሜትር ገደማ፣ እንጅባራ ደግሞ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በእንጅባራ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል። ሞተርም እንደ ሰው አየር ሲያጥረው ይደክማል። መኪና ለመግዛት የተነሳ ሰው ሞተሩ ተርቦ መሆን አለመሆኑን አስቀድሞ ቢጠይቅ ያለምክንያት አይደለም።

የዚህ መሣሪያ አባት ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡኺ ነው። እ.ኤ.አ. በ1879 ቪንተርቱር በተባለች የኢንዱስትሪ ከተማ ተወለደ። አባቱ በከተማዋ ስመ ጥር በነበረው የዙልሰር የሞተር ፋብሪካ ከፍተኛ የሥራ ኃላፊ ስለነበር፣ ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከማሽን አልራቀም። በዙሪክ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም የሜካኒካል ምሕንድስና ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1903 ተመረቀ፤ ከዚያም በቤልጂየምና በእንግሊዝ ሠራ።

ወጣቱን መሐንዲስ ያስጨነቀው ብክነት ነበር። በዘመኑ ሞተር ከተቃጠለው ነዳጅ ኃይል ሁለት ሦስተኛው ያህል ሥራ ሳይሠራ በሙቀትና በጭስ ይጠፋል። ቡኺ ጭሱ ከሞተሩ ሲወጣ እንደ ውኃ ወፍጮ መዘውር እንዲያሽከረክር፣ መዘውሩም በአንድ ዘንግ ከተያያዘው ሌላ መዘውር ጋር ሲዞር እንደ አንጥረኛ ወናፍ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ እንዲልክ አሰበ። ብዙ አየር የገባለት ሞተር ብዙ ነዳጅ በሚገባ ያቃጥላል፤ ሳይተልቅ ይበረታል። የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1905 ሲያስመዘግብ ዕድሜው 26 ዓመት ነበር።

ሐሳቡ ቀላል፣ ዋጋው ግን ከባድ ነበር። የሚወጣው ጭስ ብረት የሚያግል ነው፤ መዘውሩ ደግሞ በእጅግ ከፍተኛ ፍጥነት መዞር አለበት። የዚያን ጊዜ ብረት ይህን ሁሉ ለመቻል ገና አልደረሰም ነበር። ቡኺ ወደ ዙልሰር ተመልሶ ዓመታትን በሙከራ አሳለፈ፤ ከመጀመሪያው ሐሳብ እስከ አጥጋቢ ውጤት ሃያ ዓመት አለፈ።

በዚህ መካከል የመሣሪያው ጥቅም ለደጋ ሰው በሚገባ መንገድ በአሜሪካ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ መሐንዲስ በቆላ 350 የፈረስ ጉልበት ያለውን የአውሮፕላን ሞተር 4 ሺህ 300 ሜትር ከፍታ ባለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ ሞከረው። ጉልበቱ ወደ 230 ወረደ። ተርቦ ሲገጠምለት ግን 356 ሆነ። ጉልበት በፈረስ መለካቱ ፈረስ ለሚያከብረው ለአዊ ሕዝብ እንግዳ አይሆንም፤ ተራራው 120 ያህል ፈረስ ወስዶ ነበር ማለት ነው።

የቡኺ ቀን እ.ኤ.አ. በ1925 መጣ። ተርቦውን ከናፍጣ ሞተር ጋር አዋህዶ ጉልበቱን በ40 በመቶ ገደማ አሳደገ። ፕሮይሰን እና ሃንዘስታት ዳንሲግ የተባሉት ሁለት የጀርመን የመንገደኞች መርከቦች ሞተሮቻቸው ከ1 ሺህ 750 ወደ 2 ሺህ 500 የፈረስ ጉልበት ከፍ አሉ። ከዚያ በኋላ ባቡሩም የጭነት መኪናውም ተከተሉ።

ቡኺ እ.ኤ.አ. በ1959 በ80 ዓመቱ በተወለደባት ከተማ አረፈ። ፈጠራው በፈጣን የቤንዚን መኪኖች ላይ ሲገጠም አላየም። በእነዚህ መኪኖች ላይ ግቡ ጭነት መሸከም ሳይሆን ፍጥነት ነበር፤ ወጪውም ሌላ መልክ ያዘ። የታመቀ አየር ይሞቃል፤ ቤንዚን ደግሞ በሙቀት ከጊዜው ቀድሞ ይቀጣጠላልና ፒስተን ይጎዳል። ስለዚህ ተርቦ መግጠም መሣሪያውን ገዝቶ ማሰር ብቻ አይደለም፤ የሞተሩን እመቃ መቀነስ፣ የነዳጅ አቅርቦቱን ማስተካከል፣ ማቀዝቀዣውንም ማጠናከር ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው የአሜሪካው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ለዚሁ ሲባል የውኃና የሜታኖል ድብልቅ በየጊዜው እንዲሞላለት ይፈልግ ነበር። ብዙ ባለቤቶች መሙላቱን ቸል አሉ፤ መኪናውም ከሁለት ዓመት በላይ አልተመረተም። ቢ ኤም ደብሊው 2002 ተርቦ የሁለት ሊትር ሞተርን ከ130 ወደ 170 የፈረስ ጉልበት ቢያደርስም፣ የወጣው የነዳጅ ዋጋ ሊንር በተቃረበበት በ1973 ነበር፤ ከ1 ሺህ 700 ያነሱ ብቻ ተሠርተው ቆመ። የፖርሽ 911 ተርቦ በሦስት ሊትር ሞተር 260 የፈረስ ጉልበት ይዞ ስም ያተረፈው የአየሩን ግፊት የሚገድብ ቫልቭ ስለነበረው ጭምር ነው። እርሱም ቢሆን ነጂው ነዳጅ ከረገጠ በኋላ ጉልበቱ እስኪመጣ ጥቂት ያስጠብቅ ነበር።

ቡኺ ያለመው ቁጠባ ይበልጥ የተሳካው ግን በናፍጣ ሞተሮች ላይ ነው። የናፍጣ ሞተር አየር ብቻ ስለሚያምቅ ግፊቱን ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ጭነት ስለሚጎትትም ተርቦው የወጣበትን ዋጋ ይመልሳል። መሣሪያው የሚፈልገው ንጹሕ የአየር ማጣሪያና በወቅቱ የሚቀየር ዘይት ነው። ከረጅም ዳገት በኋላም ሞተሩ ወዲያው ከሚጠፋ ይልቅ ለጥቂት ደቂቃ በዝግታ ቢሠራ፣ ዘይቱ የጋለውን ዘንግ ያቀዘቅዘዋል።