ሜሪ ሉ ዊሊያምስ፦ እናቷ ከአስተማሪ የሸሸጓት ፒያኒስት

መምህር ለመሆን እዚህ ለገባነው ሰዎች የዚህች ጥቁር አሜሪካዊት የጃዝ ፒያኒስት ታሪክ አጀማመሩ አይጥምም። እናቷ ሆን ብለው የሙዚቃ አስተማሪ እንዳይደርስባት አድርገው ነው ያሳደጓት።

እናትየው ምክንያት ነበራቸው። እሳቸው ራሳቸው ኦርጋን በጆሮ ብቻ ይጫወቱ ነበር። አስተማሪ መጥቶ ኖታ ማንበብ ካስለመዳቸው በኋላ ግን ወረቀት ፊታቸው ካልተዘረጋ መጫወት አቃታቸው። ልጄስ እንዲህ አትሆንም ብለው ቆረጡ።

ሜሪ ሉ በ1910 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አትላንታ ተወልዳ ፒትስበርግ አደገች። ገና በሕፃንነቷ፣ እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ የሰማችውን ዜማ ራሷ መልሳ ስትጫወተው፣ እናትየው በድንጋጤ ልጅቱን ጥለው ጎረቤት ሊጠሩ ሮጡ ይባላል። በኋላም ነጮች ጎረቤቶቻቸው ቤታቸው ላይ ጡብ ሲወረውሩ፣ ልጅቱ ቤታቸው እየሄደች ስትጫወትላቸው ውርወራው ቆመ። እስቲ አስቡት፣ ሕፃን ልጅ ለቤተሰቧ ዘብ ስትቆም!

ወጣት ሳለች፣ ባሏ ሳክስፎን ይነፋበት በነበረው የአንዲ ከርክ ባንድ ውስጥ ገባች። ኖታ መጻፍ ስለማትችል የምታቀናብረውን ትነግረዋለች፣ ከርክ ይጽፍላታል። ቆይታ ግን ተማረችና ራሷ መጻፍ ጀመረች። እነ ቤኒ ጉድማንና ዱክ ኤሊንግተን ሳይቀሩ ለባንዳቸው ያስጽፏት ነበር። እናትየው የፈሩት አልደረሰም፤ ኖታው ጆሮዋን አልደፈነውም። ለምን? ለእኛ እንደሚመስለን፣ ሜሪ ሉ ኖታን የተማረችው የምትጽፈው ነገር ጭንቅላቷን ሞልቶ፣ መጻፊያ አጥታ ስትቸገር ነው።

በ1940ዎቹ ኒውዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ የነበረው ቤቷ ትምህርት ቤት ሆነ። ፈተና የለ፣ የምስክር ወረቀት የለ። ቴሎኒየስ ሞንክ፣ ባድ ፓወል፣ ዲዚ ጊሌስፒ ከሌሊት ሥራቸው በኋላ ጎራ ይሉና በፒያኖዋ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። ብዙዎቹ የዕድሜ እኩዮቿ ወጣቶቹ ያመጡትን ቢቦፕ ሲንቁ፣ እሷ ግን እያስተማረቻቸው ከነሱም ትማር ነበር።

በ1954 ፓሪስ ላይ በድንገት መጫወቱን ተወችው። ወደ ኒውዮርክ ተመልሳ በጸሎትና በአደንዛዥ ዕፅ የተጎዱ ሙዚቀኞችን በመርዳት ተጠመደች። በ1957 ካቶሊክ ሆነች፤ በዚያው ዓመት ጊሌስፒ በኒውፖርት የጃዝ ፌስቲቫል ላይ ወደ መድረክ መለሳት። ከዚያ በኋላ በጃዝ የቅዳሴ ዜማዎች ደረሰች፤ አንዱም በ1975 በኒውዮርኩ የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ተሰማ።

በ1977 ደግሞ፣ ኮሌጅ ያልገባችው ሴት በሰሜን ካሮላይና በሚገኘው ዱክ ዩኒቨርሲቲ እንድታስተምር ተጠራች። የጃዝን ታሪክ በቃል ብቻ ሳይሆን ፒያኖው ላይ ተቀምጣ እየተጫወተች ታስተምር ነበር። በዚሁ ሥራ ላይ እንዳለች ግንቦት 1981 በ71 ዓመቷ በካንሰር አረፈች።