የባለቅኔው የዊልያም ኩፐር ሕይወት

ብዙ ሰዎች በጭንቀት ደዌ የተያዘውን ወንድማቸውን ባዩ ጊዜ፥ ሰነፍ ነው ወይም እምነቱ ጐድሎአል ብለው ይፈርዱበታል። ይህ ፍርድ ግን ትክክለኛ እንዳይደለ ከእንግሊዛዊው ባለቅኔ ከዊልያም ኩፐር ሕይወት እንማራለን።

ኩፐር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1731 ዓ.ም. በበርክሃምስተድ ከተማ ከአንድ ቄስ ቤት ተወለደ። ገና ስድስት ዓመት ሳለ እናቱ ሞተችበት። ከዚያም በኋላ በተላከበት ትምህርት ቤት አንድ በዕድሜ የሚበልጠው ልጅ እጅግ ያሠቃየው ነበር። አድጎም በሎንዶን ሕግ ሲማር ልቡ ጨለመበት፤ ቀድሞ ደስ ያሰኙት የነበሩት መጻሕፍት ሁሉ ጣዕም አጡበት።

በ1763 ዓ.ም. በመኳንንት ምክር ቤት የጽሕፈት ሥራ ተገኘለት። ነገር ግን አስቀድሞ በጉባኤ ፊት እንዲመረመር ታዘዘ። የምርመራው ቀን በቀረበ ጊዜ ፍርሃቱ ከልክ አልፎ ነፍሱን ሊያጠፋ ሞከረ፤ ሆኖም ተረፈ። ዘመዶቹም በሴንት ኦልባንስ ወዳለው ወደ ሐኪሙ ወደ ናትናኤል ኮተን ወሰዱት። ሐኪሙም በርኅራኄ አስታመመው፤ በ1765 ዓ.ም. ድኖ ወጣ።

ከዚህ በኋላ ከወይዘሮ ሜሪ አንዊን ቤተ ሰብ ጋራ ተቀመጠ፤ በኦልኒም የቄስ ጆን ኒውተን ወዳጅ ሆነ። በ1773 ዓ.ም. ግን ደዌው ተመለሰበት፤ እግዚአብሔር ለዘላለም እንደ ጣለውም ቈጠረ። ኒውተን አልገሠጸውም፤ ነገር ግን ከአንድ ዓመት የበለጠ በቤቱ አኖረው። ኩፐርም ጥንቸሎችን እያሳደገ፥ አትክልት እየተከለ፥ እንጨትም እየጠረበ ጥቂት በጥቂት ተጽናና። በ1785 ዓ.ም. ታላቁን ግጥሙን አሳተመ። ወይዘሮ አንዊን በ1796 ዓ.ም. በሞተች ጊዜ ግን ኀዘኑ ጸናበት፤ በ1800 ዓ.ም. እስኪሞትም ድረስ ጨለማው ፈጽሞ አልለቀቀውም። የደረሳቸው መዝሙሮች ግን እስከ ዛሬ ብዙዎችን ያጽናናሉ።

እንግዲህ የዚህ ደዌ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፤ ከሁለት ሳምንት የበለጠ የሚቈይ ኀዘን፥ ደስ ያሰኝ የነበረውን ነገር መጥላት፥ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መለወጥ፥ ድካም፥ ያለ በደል ራስን መኰነን፥ ሞትንም መመኘት። ምክንያቱም አንድ ብቻ አይደለም፤ ከዘር የሚወረስ ባሕርይ፥ የሕፃንነት ኀዘን፥ መከራ፥ ብቸኝነትና የአካል ሕመም ተባብረው ያመጡታል።

አንባቢ ሆይ፥ እንዲህ ያለውን ሰው ብታይ አትውቀሰው። ቀርበህ አድምጠው፤ ሞትን ይመኝ እንደ ሆነ ሳትፈራ ጠይቀው፤ ብቻውንም አትተወው፤ ፈጥነህ ወደ ሐኪም ውሰደው። ደዌው በራስህ ላይ ቢሆንም አትሸሽገው። ኩፐር ብዙ ሥራ ለመሥራት የበቃው ሐኪም ስላከመው፥ ወዳጆቹም ስላልተዉት ነውና።