ኢማሙል ገዛሊ ወንበራቸውን ሲተዉ

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁት ነገር አለ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራችንን ከወሰደው እኛ ምን ልንሆን ነው? ይህ ጥያቄ ሁለት ስጋት ይዟል፤ አንዱ የእንጀራ፣ ሌላው የማንነት ነው። ሁለተኛውን ይዛችሁ የኢማሙል ገዛሊን (ረሒመሁላህ) ሕይወት ተመልከቱ።

በ450 ዓመተ ሂጅራ በኹራሳን፣ ጡስ ውስጥ ተወለዱ። አባታቸው ልጆቻቸው ሳያድጉ ሞቱ። የተዉላቸው ጥሪት ሲያልቅ አሳዳጊያቸው፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ለተማሪ ቀለብ ወደሚሰጥበት መድረሳ እንዲገቡ መከራቸው። ልብ በሉ፣ ያ ታላቅ ዓሊም የዒልምን ደጃፍ የረገጡት ለእንጀራ ብለው ነው!

በ484 ሂጅሪያ፣ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ፣ በባግዳዱ ኒዛሚያ መድረሳ አስተማሪ ሆኑ። 300 ያህል ተማሪ ከፊታቸው ይቀመጥ ነበር። በዘመኑ አንድ ዓሊም ከዚህ በላይ የሚመኘው ወንበር አልነበረም ማለት ይቻላል። ኒያቸውን ሲመረምሩ ግን ዝናና ክብር ፍለጋ ሆኖ አገኙት። ከ488 ረጀብ ጀምሮ ስድስት ወር ያህል ልሂድ ልቅር ሲሉ ከረሙ፤ ጠዋት የወሰኑት ማታ ይፈርሳል። በመጨረሻ ምላሳቸው ተያዘ። ለተማሪዎቻቸው ሲሉ ሊያስተምሩ ቢታገሉም አንዲት ቃል አልወጣ አለች። ምግብም አልወርድ አላቸው፤ ሐኪሞችም ተስፋ ቆረጡ።

ሥራቸውን የቀማቸው የለም። ወንበሩ እያለ ነው ትርጉሙ የጠፋው። እናንተስ፣ ነገ የሥራ መጠሪያችሁ ቢፋቅ ከፈጅር እስከ ዒሻ ምን ይቀራችኋል?

ለልጆቻቸው የሚበቃውን አስቀርተው ሌላውን ገንዘብ አከፋፈሉ። (ይህቺን አትለፏት፤ ቤተሰብን በትኖ መውጣት ተወኩል አይደለም። ደግሞ እሳቸው ወደው ነው የተዉት፤ ሥራውን የተነጠቀ ወንድማችን መጀመሪያ የሚያስፈልገው ዳቦ ነው።) ደማስቆ ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጡ፤ የመስጂዱ ሚናራ ላይ ወጥተው በሩን ዘግተው ይውሉ ነበር። ከዚያ ቁድስ፣ ከዚያ ሐጅ። በእነዚያ ማዕረግ አልባ ዓመታት ነው «ኢሕያእ ዑሉሙዲን» የተጻፈው። ከ40 ክፍሎቹ አንዱ ስለ ሥራና ስለ ገበያ አደብ ነው! ሥራን አልናቁም።

የልጆቻቸው ናፍቆት ወደ አገራቸው መለሳቸው። በ499 ደግሞ ኒሻፑር ላይ እንደገና አስተማሩ። ሥራው ያው ነው፤ ኒያው ግን ሌላ ነበር። ኋላ ጡስ ገብተው ከቤታቸው አጠገብ ለተማሪዎች መድረሳ፣ ለሱፊዮች ማረፊያ ሠሩ። በ505 እስኪሞቱ ድረስ ቀናቸውን ቁርኣን በማኽተም፣ ከደጋጎች ጋር በመቀመጥና በማስተማር ከፋፍለው ኖሩ።