ፍሬድሪክ ሣልሳዊና ሁለተኛው ሐኪም

ተማሪዎች ሳለን የጀርመንን ታሪክ ስናጠና ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ሣልሳዊን የምናገኛቸው በአንዲት መስመር ብቻ ነበር፤ ይኸውም በ1888 ነግሠው በ99ኛው ቀን ሞቱ የምትል ናት። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።) ከዚህች መስመር በስተኋላ ግን የታመመ ሰውና ቤተ ሰቡ ሁሉ የሚያውቀው ጭንቀት አለ። አንዱ ሐኪም ይቈረጥ፣ ሌላው አይቈረጥ ሲል የማንን ቃል መቀበል ይገባል? ለዛሬው እሑድ የእኚህን ሰው ታሪክ የመረጥነው ስለዚህ ነው።

ፍሬድሪክ በ1831 በፖትስዳም ተወለዱ። በ1858 የእንግሊዝን ንግሥት የቪክቶሪያን የመጀመሪያ ልጅ አገቡ። በ1866 ከኦስትሪያ፣ በ1870 ከፈረንሳይ ጋር በተደረጉት ጦርነቶች ሠራዊት መርተው ድል አድርገዋል። አባታቸው ዊልሄልም ቀዳማዊ ዕድሜ ስለ ሰጣቸው ልዑሉ 50 ዓመት ካለፋቸውም በኋላ አልጋ ወራሽ እንደ ሆኑ ቈዩ። ምክር ቤትን የሚያከብር መንግሥት የሚሹ ጀርመናውያን ተስፋቸውን በእሳቸው ላይ ጥለው ይጠባበቁ ነበር።

በጃንዋሪ 1887 የልዑሉ ድምፅ ጐረነነ። ጉንፋን ነው ተባለ። በማርች ፕሮፌሰር ጌርሃርት በመስተዋት ቢመለከቱ በግራው የድምፅ አውታር ላይ ትንሽ ዕጢ አገኙ፤ በጋለ ሽቦ ደጋግመው ቢተኵሱትም ተመልሶ በቀለ። በሜይ የተጠሩት ስመ ጥሩው ቀዶ ጠጋኝ ፎን በርግማን ነቀርሳ መሆኑን ጠርጥረው ጉሮሮው ከውጭ ተከፍቶ ዕጢው እንዲወጣ መከሩ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ኦፕራሲዮን ቀላል ነገር አልነበረም፤ ከቢላዋው በኋላ የሚሞቱት ጥቂቶች አልነበሩም፤ የሚተርፉትም ለድምፃቸው ያሠጋቸዋል።

ሐኪሞቹ ተስማምተው ሌላ ዐዋቂ አስጠሩ። ሜይ 20 ቀን ዶክቶር ሞሬል ማኬንዚ ከሎንዶን በርሊን ገቡ፤ መርምረውም ናሙና ተወስዶ ሳይታይ ቢላዋ አይነሣም አሉ። ይህ በእኛ ግምት ትክክለኛ ምክር ነበር። በረጅም መቈንጠጫ ከዕጢው ቁራሽ አወጡ፤ ቁራሹም በማይክሮስኮፕ እንዲታይ በሙያው ተወዳዳሪ ላልነበራቸው ለፕሮፌሰር ሩዶልፍ ፊርሾ ተላከ። ፊርሾ የነቀርሳ ምልክት አላገኙም። በጁን ሌላ ቁራሽ ተልኮ መልሱ ያው ሆነ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ፊርሾ የመረመሩት የተላከላቸውን ብቻ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ስለ ጠቅላላው በሽታ መፍረድ እንደማይቻልም በጽሑፍ አስታውቀው ነበር። ቤተ መንግሥቱ ግን የሰማው የሚፈልገውን ነው፤ በቁራሹ ውስጥ ነቀርሳ አልታየም የተባለው በልዑሉ ጉሮሮ ውስጥ ነቀርሳ የለም ወደሚል ተለወጠ። ኦፕራሲዮኑም ቀረ። ማን ይፈርድባቸዋል? ዛሬም ቢሆን፣ ከቆዳ ላይ ከምትታይ ጥቁር ነጥብም ሆነ ከጉሮሮ የተወሰደ ናሙና ለሌላ ዐዋቂ ሲላክ፣ ሁለተኛው ዐይን የሚያየው ያንኑ የተቈረጠውን ነው። የበሽታው ምልክትና የምርመራው ውጤት አልስማማ ሲሉ ሐኪሞች አዲስ ናሙና የሚወስዱትም ስለዚህ ነው።

ጁን 21 ቀን ልዑሉ በሎንዶን በአማታቸው የ50 ዓመት ኢዮቤልዩ ነጭ የደንብ ልብስ ለብሰው በፈረስ ሲያልፉ ያያቸው ሕዝብ አደነቃቸው። በሴፕቴምበርም ንግሥቲቱ ለማኬንዚ የሰር ማዕረግ ሰጡ። በኖቬምበር ግን ልዑሉ በኢጣልያ በሳን ሬሞ ሳሉ በጉሮሯቸው ውስጥ አዲስ ዕጢ ታየ፤ በዚህ ጊዜ ማኬንዚም ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም አሉ፤ ከቪየናና ከጀርመን የመጡትም ሐኪሞች ተስማሙ። ማንቁርታቸው በሙሉ እንዲወጣ ምርጫ ቢቀርብላቸው ልዑሉ እምቢ አሉ።

ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1888 ትንፋሽ ስላጠራቸው አንገታቸው ተበስቶ ቱቦ ገባላቸው። ከአንድ ወር በኋላ አባታቸው በ90 ዓመታቸው ሞቱ። አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ለሚኒስትሮቻቸው የሚያዙት በወረቀት እየጻፉ ነበር። ጁን 15 ቀን ዐረፉ። ልጃቸው ዊልሄልም ዳግማዊ እስከ 1918 ነገሡ፤ አባትየው በሕይወት ቢቈዩ አንደኛው የዓለም ጦርነት ይቀር ነበር የሚሉ አሉ፤ እኛ እስከዚያ ድረስ ለመሄድ አንደፍርም።

ጀርመናውያኑ ሐኪሞችና ማኬንዚ በዚያው ዓመት እርስ በርስ የሚወነጃጀሉባቸውን ጽሑፎች አሳተሙ። ማኬንዚ መጽሐፋቸውን በማውጣታቸው በአገራቸው የቀዶ ጠጋኞች ኮሌጅ ተነቀፉ፤ በ1892ም ሞቱ። የንጉሠ ነገሥቱ አስከሬን የተመረመረው ጁን 16 ቀን ነበር፤ ማንቁርቱ በነቀርሳ ተበልቶ ተገኘ። ከመርማሪዎቹም አንዱ ራሳቸው ፊርሾ ነበሩ፤ ከአንድ ዓመት በፊት በቁራሽ ብቻ ያዩትን ጉሮሮ በሙሉ ያዩት ያን ዕለት ነው።