የልዕልቷ ነርስነትና የኛ ወቅፍ

ዛሬ የማነሳላችሁ ከሰማኒያ ዓመት በፊት ስላረፉ አንዲት የንጉሥ ልጅ ነው። የኛ እምነት ተከታይ አልነበሩም፤ ቢሆንም መልካም ሥራ ከማንም ይምጣ ከማን፣ ይማሩበታል።

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በ1912 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው እቴጌ መነን የወሎው ንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ናቸው፤ ንጉሥ ሚካኤል ደግሞ ክርስትና ከመነሳታቸው በፊት መሐመድ አሊ ይባሉ እንደነበር አንባቢ አይዘነጋውም። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ፣ በ1928 ዓ.ም.፣ ልዕልቷ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። እዚያም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕጻናት ሆስፒታል ገብተው የነርስ ተማሪ ሆኑ። የንጉሠ ነገሥት ልጅ የሕመምተኛ አንሶላ ትለውጣለች ብሎ ማን ይገምታል? በ1931 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ጨርሰው ነርስ ተባሉ፤ ከዚያም በጋይስ ሆስፒታል ቀጠሉ።

በ1933 ዓ.ም. አገር ነጻ ስትወጣ ተመልሰው ደሴ ሆስፒታል ውስጥ አገለገሉ። በ1934 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አብይ አበበን አገቡና ወደ ወለጋ ሄዱ። አራት ወር ሳይሞላ፣ ነሐሴ 11 ቀን፣ ነቀምቴ ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም አረፉ። ዕድሜያቸው 23 አልሞላም። ሌላውን ለማዳን የተማሩት ነርስ፣ ራሳቸው በእናቶች ሞት ሄዱ።

እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት በስማቸው ገንዘብ አሰባሰቡ። በዚህም ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1951 አዲስ አበባ ላይ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ተከፈተ፤ ነርሶችም ሠለጠኑበት። ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተለውጦ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሆነ። ስም ይለወጣል፤ የሠለጠነ እጅ ግን ሥራውን ሠርቶ ያልፋል።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። እዚህ ጨለለቅቱ አንዲት የጎረቤት ልጅ ነበረች። የነርስ ትምህርት ጀምራ፣ ቡና የረከሰ ዓመት የቤት ኪራይና የቀለብ አጥታ ተመለሰች። ያን ዓመት እኔ ለመስጂድ ምንጣፍ አዋጥቼ ስሜ በድምጽ ማጉያ ተጠርቷል። ለሷ ግን የአንድ ወር ሰጥቼ፣ በሁለተኛው ወር ስትመጣ ቤት የለም አስባልኩ። በኋላ ባለቤቴ ምጥ የያዛት ሌሊት ሴት ነርስ ፈልጌ ሳጣ ያቺ ልጅ ትዝ አለችኝ። አልሐምዱሊላህ ባለቤቴ ተርፋለች፤ ኅሊናዬ ግን እስካሁን አላረፈም።

ወገኖቼ! ችግሩ የኛ ንፉግነት ብቻ አይደለም፤ የአሰጣጣችንም ነው። የአንድ ወር ሰደቃ በወሩ ያልቃል፤ ትምህርት ግን ዓመታት ይፈልጋል። ለዚህ ነው ወቅፍ ያለው። ዋናው ሳይነካ ገቢው ይሰጣል። የቡና አገር ሰው ይህ ይጠፋዋል? ፍሬው ይለቀማል እንጂ ግንዱ አይሸጥም።

የደማስቆው ሐኪም አድ-ደኽዋር በ628 ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1230) ሲሞቱ ቤታቸውን የሕክምና ትምህርት ቤት እንዲሆን ወቅፈው፣ ለመምህሩና ለተማሪዎቹ መተዳደሪያ የሚሆን ንብረትም ትተው ነበር። ተማሪያቸው ኢብኑ ነፊስ ደም ከልብ ወደ ሳንባ ሄዶ እንደሚመለስ የጻፉት ናቸው፤ እሳቸውም በተራቸው ቤታቸውንና መጻሕፍታቸውን ካይሮ ለሚገኘው የመንሱሪ ሆስፒታል ወቀፉ። አንዱ ወቅፍ ሌላውን ወለደ ማለት ነው።

በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም። የሱቅ ኪራይ፣ የወፍጮ ቤት ገቢ ግን አለን። እኔ ከሁለቱ ሱቆቼ የአንዱን ኪራይ ለነርስ ተማሪዎች ነይቻለሁ፤ ልጆቼ ነገ እንዳይሸጡት በጽሑፍ፣ በምስክር ፊት። የአንድ ሱቅ ኪራይ አንዲት ተማሪ እንኳ አያስጨርስም። አምስት ነጋዴዎች ብንሆን ግን ያስጨርሳል። ከይርጋጨፌ፣ ከወናጎ፣ ከዲላ አራት ሰው ይጠፋል?

ወቢላሂ ተውፊቅ።